ውሃው ንጹህ ነው፤ አሳውስ?

ሐዋሳ ላይ የሐይቁ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ውሃው ተመርምሯል?» መልሱ «ተመርምሯል፣ ከተፈቀደው መጠን በታች ነው» ከሆነ ሰው እፎይ ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል።

ጥያቄው ደግ ነው። ችግሩ ግማሽ መሆኑ ነው። ከፋብሪካ፣ ከእርሻና ከከተማ ከሚለቀቁ ኬሚካሎች ውስጥ አስቸጋሪዎቹ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆዩም። ጭቃ ላይ ይለጠፋሉ። አልጌ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ የትልቁ አሳ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የውሃው ናሙና ንጹህ ሆኖ አሳው ንጹህ ላይሆን ይችላል። ላብራቶሪው አልዋሸም። የተጠየቀው ስለ ውሃው ብቻ ነበር።

እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት መጀመሪያ ሐይቁ ውስጥ ማን ማንን እንደሚበላ እንይ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያስመስለው አልጌ ነው። እሱን ዙፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ እንስሳት ይበሉታል። ያደገ ቆሮሶም በአብዛኛው የሚኖረው በዚሁ በአልጌ ነው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ሐዋሳ ላይ በብዛት የሚጠበሰው አሳ ሣር በል ነው ማለት ይቻላል። ታች ጭቃው ላይ ትሎች፣ የነፍሳት እጮችና ቀንድ አውጣዎች አሉ። እነሱን የሚለቅሙ ትንንሽ አሳዎች አሉ። ቢልጫ የሚባለው አሳ ትንሽ ሳለ ከቀንድ አውጣና ከነፍሳት አይርቅም፤ ሲገዝፍ ግን አሳ ወደ መብላት ይዞራል። አምባዛ ምርጫ የለውም። ነፍሳትም ይሁን ትንንሽ አሳ፣ የቆሮሶ ልጅም ብትሆን ያገኘውን ይውጣል። ከእነሱ በላይ አሳ በል ንስር፣ ፔሊካንና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አሉ። ሐይቁ ዳር ባለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሳህን ይዘን የተቀመጥነው እኛም እዚያው ላይ ነን።

አሁን ኬሚካሉ ይግባ። ብዙ ሰው አደጋው ትልቁ አሳ ትንሹን ሲበላ የሚጀምር ይመስለዋል። አይደለም። ከሁሉም የሚበልጠው ዝላይ መጀመሪያ ላይ፣ ከውሃ ወደ አልጌ ነው። አልጌ ራሱ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፤ ግን እያንዳንዷ ሕዋስ እጅግ ትንሽ ስለሆነች፣ ቁጥሯም ብዙ ስለሆነ፣ ከውሃው ጋር የሚነካካው ገጽታዋ በጣም ሰፊ ነው። ውሃ የማይስማማው ኬሚካል ደግሞ እዚያ ይጠጋል። ሜትል ሜርኩሪ የሚባለውን የሜርኩሪ ዓይነት ብንወስድ፣ ከውሃ ወደ አልጌ ሲሻገር ክምችቱ በአስር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች እጥፍ ይጨምራል። ገና ማንም ማንንም ሳይበላ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሆድ ሒሳብ ነው። አንድ ኪሎ የአሳ ሥጋ እንዲገነባ በግምት 10 ኪሎ ምግብ ያስፈልጋል። የቀረው ዘጠኙ የት ሄደ? ጉልበት ሆኖ ተቃጠለ፣ ትንፋሽ ሆነ፣ በሰገራ ወጣ። ምግቡ ሲቃጠል ግን አብሮት የገባው ኬሚካል አይቃጠልም። ሰውነት ሊሰባብረው አይችልም፣ በሽንት ለማስወጣትም ይከብደዋል። የ10 ኪሎው ኬሚካል በአንዱ ኪሎ ላይ ይቀራል። በአጭሩ እቁብ ነው። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይጥላል፣ አንዱ ሰብስቦ ይወስዳል። ልዩነቱ ይህ እቁብ ተራ የለውም፤ ሁሌም የሚወጣው ላይኛው ለተቀመጠው ነው። እላይ የተቀመጠው አሳ ደግሞ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ሲሰበስብ ይኖራል። ለዚህ ነው ከአንድ ሐይቅ፣ ከአንድ ዘር፣ በአንድ ቀን የተያዙ ሁለት አሳዎች የተለያየ መጠን ሊይዙ የሚችሉት። ትልቁ ብዙ ዓመት በልቷል።

ይህ ነገር በቁጥር ጎልቶ የታየው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሊር ሌክ በሚባል ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር የሚዝናናውን ሰው ትንኝ መሰል ነፍሳት ስላስቸገሩት በ1949 እ.ኤ.አ. ዲዲዲ የተባለ፣ የነፍሳት መግደያው የዲዲቲ ዘመድ ኬሚካል ውሃው ላይ ተረጨ። መጠኑ በጥንቃቄ ተሰልቶ ነበር፤ በጣም ትንሽ ነው፣ አሳ አይገድልም ተባለ። እውነትም ነበር። በ1954 እና በ1957 እንደገና ተረጨ። ከ1954ቱ ርጭት በኋላ ዳክዬ የሚመስሉ፣ እየጠለቁ አሳ የሚያድኑ ወፎች ይሞቱ ጀመር። የሚራቡት ከ1000 ጥንድ በላይ የነበሩት በ1960 ወደ 30 ጥንድ ወረዱ። ውሃው ውስጥ የተጨመረው በአንድ ሚሊዮን 0.02 እጅ ነበር። ፕላንክተኑ ውስጥ 5 ተገኘ። በወፎቹ ጮማ ውስጥ 1600። ይህ 80 ሺህ እጥፍ ነው። ርጭቱ ካበቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃው ሲመረመር ኬሚካሉ አልተገኘም። ውሃው ንጹህ ነበር! ኬሚካሉ ሐይቁን አልለቀቀም፤ ሐይቁ ውስጥ ወደሚኖሩት ገባ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኬሚካል ሁሉ በምግብ ሰንሰለት ወደ ላይ ይወጣል» ማለት ስህተት ነው። አብዛኛው አይወጣም። ለመውጣት ቶሎ የማይፈርስ መሆን አለበት። ጮማ ውስጥ የሚሟሟ ወይም ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ መሆን አለበት። ሰውነትም የማስወጫ መንገድ ሊያጣለት ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ በመንገድ ላይ ይቀራል።

ክሮሚየምን ውሰዱ። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ብረት ነው። ከአዳማ ብዙ በማይርቀው በሞጆ ወንዝና በቆቃ ሐይቅ ዙሪያ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ እሱን የሚመለከት ነው። ክሮሚየም ጭቃ ውስጥ፣ በጭቃ የሚኖሩ እንስሳት ውስጥ፣ በአሳ ስንጥብና ጉበት ውስጥ ይገኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። እርሳስም እንደዚያው። ይህ ማለት ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም፤ ወንዙ ዳር ለሚጠጣ ከብትና ለሚታጠብ ሕፃን አደጋቸው ሌላ ነው። ትልቁ አሳ ውስጥ ሄዶ መፈለግ ግን ለእነሱ የሚሠራ ዘዴ አይደለም። እንዲሁም ከጨርቃ ጨርቅ ቱቦ የሚወጣው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሰውን ያስደነግጣል፣ ፎቶውም በስልክ ይዞራል። ቀለሙ ብርሃን ይከለክላል፣ ኦክስጅን ያሳጣል፤ መጥፎ ነው። ግን ወደ ላይ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ቀለምም ሽታም የላቸውም። ፎቶ አይነሱም።

የሚወጡት እነማን ናቸው? ከድሮዎቹ ፒሲቢ አለ። ትራንስፎርመር እንዳይግል የሚሞላበት ዘይት ውስጥ ለአስርተ ዓመታት ያገለገለ ኬሚካል ነው። አሜሪካ በ1979 እ.ኤ.አ. ማምረቱን ከለከለች። ቶሎ የማይፈርሱ መርዞችን ለመገደብ በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከዲዲቲ ጋር በመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ያረጀ ትራንስፎርመር ዘይት ሲያፈስ ግን ስምምነቱን አያነብም። ዲዲቲ ደግሞ እኛ ጋ የወባ ትንኝ ለመከላከል የቤት ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲረጭ ኖሯል፤ ዕድሜው ከፍ ያለ የሐዋሳ ሰው ሽታውን ያስታውሰዋል። ከአዲሶቹ ፒፋስ የሚባሉት አሉ። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ዘይት የማይዘው ድስት የሚሠራባቸው ናቸው። እነሱ ጮማ አይፈልጉም፤ ከደምና ከጉበት ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። ልብስ በሚሰፋበት ከተማ ስማቸውን ማወቅ አይከፋም።

ከሁሉም የሚያስገርመው ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዘቃ የሚሉት። ሜርኩሪ ከድንጋይ ከሰል ጭስ፣ ከወርቅ ማውጫ፣ ከእሳተ ገሞራ አፈርም ይመጣል። በአየር ተሳፍሮ አገር ያቋርጣል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር የሜርኩሪ ፋብሪካ ባይኖርም ሐይቁ ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ተራው ሜርኩሪ በምግብ ሰንሰለት ብዙም አይወጣም። ኦክስጅን ባጣ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ወደ ሜትል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከሥጋ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ወደ አንጎል ይገባል፣ ከእናት ወደ ጽንስ ይሻገራል። ጃፓን ሚናማታ ውስጥ በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ የታወቀው በሽታ ከዚህ የመጣ ነው። እዚያ ፋብሪካው ሜትል ሜርኩሪውን ራሱን ነበር ወደ ባሕር የሚለቀው። መጀመሪያ ያበዱት አሳ የሚበሉ ድመቶች ነበሩ፤ ከዚያ የአሳ አስጋሪዎቹ ቤተሰቦች ታመሙ።

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ስለ ሜርኩሪ ጥሩ ጥናት አለ። ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ሥራዎች ቢልጫንና አምባዛን መርምረዋል። እኔ ይህን ጉዳይ የምወደው ውጤቱ ከመጽሐፉ ቀመር ትንሽ ስለሚያፈነግጥ ነው። በሒሳቡ ከሄድን አምባዛ አሳ በል ነው፣ ይገዝፋል፣ ስለዚህ ሜርኩሪው እሱ ውስጥ መብዛት ነበረበት። የተገኘው ግን ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። ከፍ ብሎ የተገኘው ቢልጫ ውስጥ ነው፤ በተለይ ገዝፈው አሳ መብላት በጀመሩት። ከእነሱ መካከል ለነፍሰ ጡርና ለመሰል ተጋላጭ ሰዎች ከሚመከረው መጠን ያለፉ ነበሩ።

አሳው ምን ሲበላ እንደኖረ በምን ታወቀ? ሆዱን ቀዶ ማየት የዛሬውን ምሳ ብቻ ነው የሚነግረው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሥጋው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ይለካሉ። ናይትሮጅን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው። እንስሳ ሲመገብ ቀላሉ ቶሎ ይወጣል፣ ከባዱ ይቀራል። በእያንዳንዱ የአመጋገብ እርከን ከባዱ ከሺህ 3.4 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሥጋው ብቻ ተለክቶ አሳው ከአልጌው ስንት እርከን ርቆ እንደኖረ ይገመታል። ይህ ልኬት ሜርኩሪው ካለበት ቁጥር ጎን ሲቀመጥ ነገሩ ቁልጭ ይላል፤ እርከኑ ሲጨምር ሜርኩሪው ይጨምራል።

ታዲያ አምባዛ ለምን አነሰበት? አንዱ ማብራሪያ ዕድገት ነው። አምባዛ ፈጥኖ ይገዝፋል። በአንድ ዓመት ብዙ ሥጋ ከገነባ፣ የገባው ሜርኩሪ ብዙ ሥጋ ላይ ይሰራጫል፣ በኪሎ ሲለካም ያንሳል። ቀስ ብሎ የሚያድግ አሳ ያንኑ ያህል ሜርኩሪ በትንሽ ሥጋ ላይ ይሸከማል። ስለዚህ «ትልቅ አሳ ሁሉ መጥፎ ነው» የሚለው አባባልም ሙሉ አይደለም። የሚወስነው መጠኑ፣ ዕድሜውና ምግቡ አንድ ላይ ናቸው።

የሐዋሳን ነገር ከሌላው የሚለየው ደግሞ ሐይቁ ራሱ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ያህል ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ዋናው ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ በጨለለቃ ረግረግ በኩል አልፎ የሚመጣው። የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ውሃው የሚሄደው ወደ ሰማይ ተንኖ ወይም ወደ ምድር ሰርጎ ነው። ኬሚካል ደግሞ በአብዛኛው አብሮ አይተንም። ወይ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ በአስጋሪ መረብና በወፍ ምንቃር ይወጣል። ወራጅ ወንዝ ለታችኛው ሰው ያስተላልፋል፤ ደግ ሥራ ባይሆንም ለራሱ ይቀለዋል። ሐዋሳ ለማን ያስተላልፍ?

ረግረጉ በዚህ መሃል ሁለት ፊት አለው። የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ከደለሉ ጋር የተጣበቀውንም ኬሚካል ያስቀራል። በዚህ ውለታው ትልቅ ነው። በሌላ በኩል ኦክስጅን ያጣ የረግረግ ጭቃ በየትም አገር ሜርኩሪ ወደ ሜትል ሜርኩሪ የሚቀየርበት ቦታ ነው። ይህን ሰምቶ «ታዲያ ይድረቅ» የሚል አይጠፋም። የደረቀና የታረሰ ረግረግ ግን የያዘውን ሁሉ በአንድ ክረምት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ሊሰድ ይችላል።

ወፎቹስ? አባ ኮዳ አሞራ ገደል ላይ የሚቆመው ለፎቶ አይደለም። የአሳ አንጀት፣ ጭንቅላትና ጉበት የሚጣልለት ስለሆነ ነው። ጮማ የሚወዱ ኬሚካሎች ደግሞ የሚቀመጡት እዚያው ነው። እኛ ሥጋውን ስንወስድ እሱ ክምችቱን ይወስዳል። በዝዋይ አካባቢ አሳና ወፎች ላይ በተደረገ ጥናት የዲዲቲ ቅሪት በወፎቹ ውስጥ ከአሳዎቹ በጣም በልጦ ታይቷል። ይህ ቅሪት ወፍን ወዲያው አይገድልም። የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳዋል። እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። አሜሪካ ውስጥ የንስር ዘር ሊጠፋ የደረሰው በዚህ መንገድ ነበር፤ ዲዲቲ በ1972 እ.ኤ.አ. ከታገደ በኋላ ግን ቀስ በቀስ አገገመ። ስለዚህ ነገሩ የማይመለስ አይደለም። ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

እንግዲህ ፋብሪካ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር ምን መምሰል አለበት? የተለመደው ልኬት «በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ስንት ሚሊግራም» የሚል ነው። ለሚፈርስ ነገር ይሠራል። ለማይፈርስ ግን ክፍተት አለው። ፍሳሹ ላይ ንጹህ ውሃ ቢጨመርበት ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሐይቁ የሚገባው ጠቅላላ መጠን ግን ያው ነው። መውጫ ለሌለው ሐይቅ የሚበጀው ጥያቄ «በዓመት ስንት ኪሎ ገባ?» የሚለው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ ሳይለቅ ውሃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው የተሠራው። ይህ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለድሮዎቹ ፋብሪካዎችም መለኪያ መሆን ነበረበት። ከማጣሪያው የሚቀረው ዝቃጭና ጨው ግን አይጠፋም። የት እንደሚቀመጥ፣ ክረምት ሲመጣ ምን እንደሚያጥበው መጠየቅ አለበት። ከውሃ ናሙና ጎን ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት ትልልቅ ቢልጫዎችንና የታችኛውን ጭቃ መመርመር ብዙ ወጪ የለውም። ዓመት ሙሉ ሐይቁን ሲቀምስ የኖረው አሳው ነው።

አሁን ሁሉም የሚጠብቀው ጥያቄ፤ አሳ እንተው? አትተዉ። አማካይ ኢትዮጵያዊ በዓመት አንድ ኪሎ አሳ እንኳ አይበላም። በወር አንዴ አሞራ ገደል ሄዶ ለሚበላ ሰው ከአሳው የሚያገኘው ፕሮቲንና ጮማ ከስጋቱ ይበልጣል። ጉዳዩ የሚለወጠው በየቀኑ ለሚበሉት ነው፤ ለአስጋሪ ቤተሰቦች፣ ለአሳ ሻጮች፣ በጾም ወቅት ከአሳ ለማይርቁት። ሜትል ሜርኩሪ ከሰው አካል በግማሽ ለመቀነስ 50 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በየሳምንቱ የሚጨምር ሰው ሳይቀንስለት ይጨምራል።

«ደህና አድርጌ ጠብሼዋለሁ» ማለት ለሜርኩሪ አይሠራም። ሥጋው ውስጥ ስለሆነ እሳትም፣ ሎሚም፣ አዋዜም አያወጣውም። እንዲያውም ሲጠበስ ውሃው ስለሚተን በኪሎ ሲለካ ትንሽ ይጨምራል። ጮማ ለሚወዱት ለእነ ፒሲቢና ዲዲቲ ግን ዘዴ አለ። ቆዳውን፣ የሆድ ጮማውንና ጉበቱን ማስወገድ፣ ጮማው በሚንጠባጠብበት መንገድ መጥበስ መጠናቸውን ይቀንሳል። የጥሬ አሳ ነገር ሌላ ወሬ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው ጥገኛ ትል እንጂ ኬሚካል አይደለም፣ እሱን ደግሞ እሳት ይገድለዋል።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ምርጫው ቀላል ነው። ቆሮሶ ግዙ። አልጌ በል ስለሆነ ከሰንሰለቱ ታች ነው ያለው፣ ገበያውም ላይ ሞልቷል። ቢልጫ ካማራችሁ ትንሹን ምረጡ። ክንድ የሚያህለውን ሻጩ «ልዩ ነው» ብሎ ቢያሞግሰውም ለሌላ ሰው ተዉለት፤ ለነፍሰ ጡሯ ግን በፍጹም አትውሰዱላት።